ጀሶ ምራቅ አይውጥም

ሰውየውን በእናት አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው የለም። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ጫፍ ነጭ አቧራ ስለማይለየው ሁሉም ጋሽ ጀሶ ይለዋል። ሥራው ጥርስ ለሌለው ሰው ጥርስ መሥራት ነው። አንድ ሁለት የጎደለ መሙላትን እንደ ሥራም አይቆጥረው። የእሱ ደንበኞች ባዶ ድድ ይዘው የሚመጡ፣ የላዩም የታቹም ሙሉ በሙሉ የሚሠራላቸው ናቸው። በዚህ ሥራ ሠላሳ አራት ዓመት ቆይቷል።

ክሊኒኩ ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከፊት ተራ መጠበቂያው አለ፣ ቀጥሎ የዶክተሯ ክፍል፣ ከሁሉ በስተኋላ ደግሞ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን አንዲት መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል። የጋሽ ጀሶ ግዛት እሷ ናት። ጠረጴዛው ላይ የሰም ቢላው፣ የአልኮል መብራቱና ሞረዶቹ ተዘርግተዋል። ከወለል እስከ ጣሪያ በተሠራው መደርደሪያ ላይ የጀሶ መንጋጋዎች ተደርድረዋል፤ በየሥራቸው በእርሳስ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ሰውን የሚያስታውሰው በፊቱ ሳይሆን በመንጋጋው ነው። መንገድ ላይ ሞቅ አድርጎ ሰላም ያለው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠፋበት፣ «እስቲ አንዴ ሳቅ ይበሉልኝ» ይላል። ሰውየው ሲስቅለት፣ «አሃ! ታችኛው ድድዎ ወደ ቀኝ ያዘነበለው!» ብሎ ያቅፈዋል።

ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ስለ ሰው ልጅ የራሱ ሐሳብ ሳይኖረው አይቀርም። በጋሽ ጀሶ አመዳደብ የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚለምድና የሚያማርር። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው። «ላንቃዬን ሞላብኝ» ላለው፣ «ይለመዳል»። «ስናገር ያፏጫል» ላለው፣ «ይለመዳል»። «እዚህ ጋ ያመኛል» ብሎ ጣቱን ወደ አፉ ለሚሰድም፣ ጣቱ ገና ከንፈሩ ጋ ሳይደርስ፣ «ይለመዳል»። ይህን ሲል ክፋት የለበትም፤ እንደ ምርቃት ነው የሚሰጠው። አዲስ ጥርስ የተሠራለት ሰው ቅሬታውን መጀመሪያ ለእሱ ያቅርብ የሚለውን ደንብ ያወጣውም ራሱ ነው። «ዶክተሯን በትንሽ በትልቁ ላለማስቸገር» ይላል። እውነትም ከኋለኛዋ ክፍል አልፎ ዶክተሯ ዘንድ የደረሰ ቅሬታ ይህን ያህል አልነበረም።

አይዋሽበትም፣ እጁ ጥሩ ነው። ጥርስ ሲደረድር አይቸኩልም። ሴት ደንበኛ ከመጣች የድሮ ፎቶግራፍ ያስመጣታል፤ ፎቶው ላይ የፊት ጥርሷ ትንሽ ተደራርቦ ካየ አዲሱንም ትንሽ ደረብ አድርጎ ይተክልላታል። ቤቷ ስትገባ ልጆቿ ያለቅሳሉ። እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ነው። ከዚህ ሌላ ደግሞ ለማንም ያልነገራት አንዲት የሙያ ምስጢር ነበረችው።

ጀማሪ ሳለ ለአንድ የማኅበር ሊቀ መንበር ጥርስ ሠርቶላቸው ነበር። ሊቀ መንበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «በጽናት» ሲሉ የታችኛው ጥርሳቸው ተስፈንጥሮ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሴት ወረቀት ላይ አረፈ። በማግስቱ ጥርሱን በፖስታ አሽገው አመጡለት። ጋሽ ጀሶ ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ጀመረ። ሐኪሙ ከሕመምተኛው አፍ ልክ ወስዶ ይሰጠዋል፤ እሱ ልኩ ውስጥ ጀሶ ያፈስሳል፤ ጀሶው ሲደርቅ የሰውየው ድድ ከነቅርጹ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ይላል። ታዲያ ጥርሱ የሚደረደርበትን ሰም ከመጀመሩ በፊት ከታችኛው መንጋጋ በስተኋላ፣ ምላስ ሥር በሚውለው በኩል፣ ጀሶውን በቢላ ፋቅ ያደርገዋል። በተፋቀው ልክ ጥርሱ ወደ ታች ይረዝማል፤ ወደ ታች የረዘመ ደግሞ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። የምትረዝመው አንዲት የሩዝ ፍሬ ብታህል ነው። «ዋስትና» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ከዚያ ወዲህ እሱ የሠራው ጥርስ ጉባኤ ላይ ዘሎ አያውቅም።

የራሱ አፍ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ድዱ ታሞ ጥርሱ አንድ በአንድ ረገፈ። ያኔ ሥራውን ያስተማሩት አለቃው በሕይወት ነበሩና እሳቸው ሙሉ ጥርስ ሠሩለት፤ እነሆ ሃያ አራት ዓመት። ሙሉ ጥርስ በአምስት፣ ቢበዛ በሰባት ዓመት መለወጥ እንዳለበት፣ ድድ እየሟሸሸ ሲሄድ ጥርሱ እንደሚላላ ለመጣው ሁሉ አፉን ሞልቶ ያስረዳል። የሚያስረዳበት አፍ ውስጥ ግን የማኘኪያ ጥርሶቹ አልቀው ልሙጥ ሆነዋል፤ አገጩ ወደ አፍንጫው ተጠግቷል፤ የከንፈሩ ማዕዘኖች ተሰነጣጥቀው ሁልጊዜ እንደቀሉ ናቸው። ዳቦ ሻይ ውስጥ ሳይነክር አይበላም። ሚስቱ፣ በስልሳ ዓመቷ ሠላሳ ሁለቱም ጥርሷ በቦታው ያለ ሴት፣ «አንተ ሰውዬ ለራስህ ምነው ብትሠራ?» ስትለው፣ «ይሄ እኮ የአለቃዬ እጅ ነው» ብሎ ይኮራል።

ክሊኒኩን የዛሬ ሁለት ዓመት የገዛችው ዶክተር ወጣት ናት፤ ዝምተኛ፣ ታላቅ አክባሪ። እሷ ከመጣች ወዲህ ቅሬታ ይዞ የሚመጣ ሰው እጅግ ቀነሰ። ጋሽ ጀሶ ይህን አስተውሎ ምክንያቱንም መርምሮ ደርሶበታል፤ እጁ በስሎ ነው። ባለሙያ በስልሳ ዓመቱ ነው የሚበስለው ብሎ ለሚስቱ ነግሯታል።

በሁለቱ ዓመታት ያስቸገረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ጥርሳቸው ተሠርቶ ያለቀው ዶክተሯ እናቷን ልታስታምም ለሁለት ሳምንት በሄደችበት ሰሞን ስለነበር ያስረከባቸው ጋሽ ጀሶ ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰባት ጊዜ ተመላልሰዋል። ቅሬታቸውን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ በተራ ቁጥር ከፋፍለው ነው የሚያመጡት። «አንደኛ፣ ሳኝክ አያመኝም። ሁለተኛ፣ ምራቄን ስውጥ ከምላሴ ሥር፣ ከበስተኋላ፣ በተለይ በግራ፣ ይቆርጠኛል። ሦስተኛ፣ ሁለተኛውን ተመልከት።» ጋሽ ጀሶ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ያኖረዋል። «ጋሽ ዳይሬክተር፣ ምራቅ ለመዋጥ ጥርስ አያስፈልግም። ጥርሱን ምን አድርግ ነው የሚሉት? ይለመዳል!» ሲሄዱለት ደግሞ ካርድ ለምታወጣው ሴትዮ፣ «ሰውየውን ያመማቸው ጥርሱ አይደለም። የሚቆጡት ተማሪ አጥተው ነው» ይላታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዶክተሯ ጋሽ ጀሶን ክፍሏ ጠርታ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ከሁለት ወር በኋላ የጥርሱን ሥራ በማሽን ለሚሠራ ድርጅት ልንሰጠው ነው» አለችው። «ዓይንዎም ደክሟል፣ አቧራውም ለደረትዎ ጥሩ አይደለም። የኋላውን ክፍል እንዘጋዋለን።»

ጋሽ ጀሶ በሚኖርበት ፎቅ ላይ ጡረታ የወጣ አንድ ጎረቤት አለው፤ ከጠዋት እስከ ማታ መስኮት ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ቀለም እየለየ ይቆጥራል። ሰማያዊ ሲያበዛ ደስ ይለዋል። ጋሽ ጀሶ የራሱን ወንበር ከጎረቤቱ ወንበር ጎን አየው።

«እርስዎ ግን እንዲሄዱ አልፈልግም» አለች ዶክተሯ። «አዲስ ጥርስ የገባለት ሰው አበላሉን፣ አነጋገሩን፣ አጸዳዱን የሚያስተምረው ያስፈልገዋል። ለዚያ አንድ ክፍል አዘጋጃለሁ። ሥራውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። ነገር ግን…» ወደ አፉ አየት አድርጋ ዓይኗን መለሰች። «በዚህ ጥርስ ሆነው ‹ጥርሳችሁን ለውጡ› ቢሏቸው ማን ይሰማዎታል? አዲስ ይሠራልዎት። ስድስት ሳምንት አለን። በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ እዚች ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ጥሬ ካሮት ሲበሉ ካየሁ ክፍሉ የእርስዎ ነው።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ በሰላም ያርፋሉ» አለች፤ በጎ መናገሯ ነበር።

ልኩን እሷ ወሰደች። ጥርሱን ሌላ ቦታ እናሠራው ስትል ግን ጋሽ ጀሶ ደሙ ፈላ። «እኔ? የሌላ ሰው ሥራ አፌ ውስጥ ላስገባ?» ዶክተሯ አንድ ነገር ልትል ጀምራ ተወችው። «እሺ፣ ከማድረግዎ በፊት ግን አንድ ጊዜ ያሳዩኝ» ብቻ አለችው። እሱም እሺ አለ፤ ጥርሱ ተወልውሎ ባለቀ በደቂቃው እዚያው ጠረጴዛው ላይ አፉ ውስጥ ከተተው። የገዛ ሥራውን ለማን ያሳያል?

በመስታወት ሲታይ ከዕድሜው አሥር ዓመት ተቀንሶለታል። አገጩ ቦታውን ያዘ፣ ከንፈሩ ሞላ። አፉ ግን እንግዳ የገባበት ቤት ሆነ፤ ምላሱ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገባው። ለደንበኞች የሚያድለው መመሪያ አለ፣ ራሱ የጻፈው፤ በመጀመሪያው ሰሞን ለስላሳ ምግብ በትንሽ በትንሹ ቁረጡ፣ በሁለቱም በኩል አኝኩ፣ በፊት ጥርስ አትግመጡ፣ ስትተኙ አውልቃችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አኑሩ፣ በየቀኑ ድምፅ አውጥታችሁ ጋዜጣ አንብቡ ይላል። ጋሽ ጀሶ ጋዜጣ ይዞ ሳሎን ተቀመጠ። «ሰሞኑን በተሰበሰበው ስብሰባ» ብሎ ሲጀምር ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ምነው በፉጨት ትጠራኛለህ? እኔ ስም የለኝም?»

«ማንበቤ ነው።»

«ታዲያ ‹ሰ› የሌለበት ዜና ፈልግ» ብላው ተመለሰች።

ፉጨቱ በሳምንቱ ቀነሰ። ላንቃውም ለመደ። በሦስተኛው ቀን የጀመረው ሌላ ነገር ግን አልቀነሰም። ምራቁን ሲውጥ፣ ከምላሱ ሥር ከበስተኋላ፣ የሚቆርጥ ነገር አለ። በግራ ይብሳል። ጋሽ ጀሶ ለራሱም «ይለመዳል» አለው። ቃሉን ከሌላው ወገን ሆኖ ሲሰማው ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እንደጠበቀው አላጽናናውም።

ሰው በቀን ስንት ጊዜ ምራቁን እንደሚውጥ አያውቅም። ጋሽ ጀሶ ማወቅ ጀመረ። ዝም ብሎ መቀመጥ ራሱ ሥራ ሆነበት። ሲያወራ ምራቅ ይሞላል፣ ሲሞላ መዋጥ አለ፣ ሲውጥ ፊቱ ይኮማተራል። በዘጠነኛው ቀን አሮጌውን ጥርስ ከመሳቢያ አወጣና አደረገው። የገዛ ቤቱ የገባ ያህል እፎይ አለ። ከዚያ ወዲህ አዲሱን በመሐረብ ጠቅልሎ በኮት ኪሱ ይይዛል፤ ክሊኒክ ሲደርስ ደረጃው መታጠፊያ ላይ፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሻጩ ካርቶን በሚከምርበት ጥግ፣ ይለውጣል። ሲወጣም እዚያው ይመልሳል።

ይህ ደንበኞች ሁሉ የሚሠሩት ማታለል ነው፤ የሚይዛቸውም እሱ ነበር። ለምርመራ ሲቀርቡ ብቻ አዲሱን የሚያደርጉ ሰዎች ጥርሳቸው እንዳዲስ ያበራል፤ የሻይ ምልክት የለውም። «ይሄ ጥርስ ኪስ ውስጥ ነው የሚኖረው» ብሎ ስንቱን አሳፍሯል! አሁን ያ ሁሉ ልምድ ለራሱ ጠቀመው። አዲሱን ጥርስ እቤት እየወሰደ በየቀኑ አንድ ሰዓት ወፍራም ሻይ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። አንድ ቀን ሚስቱ ብርጭቆውን የእሷ ሻይ መስሏት አነሣችው። የዚያን ቀን የተናገረችው እዚህ አይጻፍም። ጥርሱ ግን ቆንጆ አድርጎ ወየበ፤ ዶክተሯ አየት አድርጋ «ጎበዝ፣ እየለመዱት ነው» አለች። ጋሽ ጀሶ አንገቱን ደፍቶ አመሰገነ። ስድስተኛው ሳምንት ግን እየቀረበ ነበር፤ ካሮት ደግሞ ኪስ ውስጥ በሚኖር ጥርስ አይበላም።

አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ካርቶኖቹ ጥግ አሮጌውን አውልቆ አዲሱን ሊያደርግ ሲል ከታች የእግር ድምፅ ሰማ። ዳይሬክተሩ ነበሩ፤ ስምንተኛ ወረቀታቸውን ይዘው። አንዱ ጥርስ በቀኝ እጁ፣ ሌላው በግራ እጁ፣ አፉ ባዶውን፣ ጋሽ ጀሶ ቆመ። ዳይሬክተሩ ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ፣ ቀጥሎ ፊቱን አዩ።

«የትኛው ነው አዲሱ?» አሉ።

ጋሽ ጀሶ ግራ እጁን ከፍ አደረገ። እንደ ጥፋተኛ ተማሪ።

«ለምን አወለቅከው?»

መናገር ስላልቻለ አሮጌውን መልሶ አደረገ። «ያመኛል» አለ። ይህን ቃል በክሊኒኩ ደረጃ ላይ እሱ ይናገረዋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፣ ከሁሉም በላይ ራሱ።

«የት ጋ?»

ጋሽ ጀሶ አፉን ከፍቶ ሌባ ጣቱን ወደ ኋላ ሰደደ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉና ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ከዚያ እሳቸውም አፋቸውን ከፈቱና በገዛ ጣታቸው ያንኑ ቦታ ነኩ።

«በግራ ይብሳል?»

«በግራ ይብሳል።»

«ስታኝክ አይደለም። ስትውጥ ነው።»

«ስውጥ ነው» አለ ጋሽ ጀሶ።

አንዲት ሴትዮ ተራ ልትይዝ ደረጃውን ወጥታ ሁለት ሽማግሌዎች አፋቸውን ከፍተው ጣታቸውን ጉሮሯቸው ድረስ ሰደው ቆመው አየችና በፍጥነት ወረደች።

ሁለቱ አብረው ወጡ። ጋሽ ጀሶ የዳይሬክተሩን መንጋጋ ከመደርደሪያ አወረደ፣ የራሱንም አወረደ፤ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በሁለቱም ላይ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቢላ፣ ያው ጭረት አለ። ዋስትና። ጀሶው ላይ ቆንጆ ሆኖ ይታያል። ጀሶ ግን ምላስ የለውም፤ ጀሶ ምራቅ አይውጥም። ሰው ሲውጥ ምላሱ ይነሣል፣ ከሥሩ ያለው ሥጋም አብሮ ይነሣል፣ ያቺ የሩዝ ፍሬ የምታህል ትርፍም እየጠበቀች ትቆርጠዋለች። የአለቃው ጥርስ ሃያ አራት ዓመት ያልቆረጠው አለቃው ጀሶ ስለማይፍቁ ነበር። ጋሽ ጀሶ በዕድሜው ሙሉ የገዛ እጁን ሥራ አፉ ውስጥ አስገብቶ አያውቅም ነበር።

ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ። ጭረቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ነበር።

መሞረጃ ማሽኑን አስነሣና መጀመሪያ የዳይሬክተሩን፣ ቀጥሎ የራሱን፣ ከኋላ በኩል አሳጠረ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ዳይሬክተሩ አድርገው አንዴ ዋጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ደገሙ። ቁስሉ ገና ባይድንም የሚቆርጠው ነገር እንደሌለ ገባቸው። ጋሽ ጀሶ ምስጋና፣ ቢያንስ ስድብ ጠበቀ።

«እንደኔ የመለስከው ስንት ሰው ነው?» አሉት ዳይሬክተሩ።

ስምንተኛውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትተውለት ወረዱ።

በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ዶክተሯ ካሮቱን አጥባ፣ በሰሐን አድርጋ አቀረበችለት። ጋሽ ጀሶ በጎን በኩል ነከሰ፣ በሁለቱም በኩል አኘከ፣ ዋጠ። ቁስሉ ድኗል፤ ምንም አልተሰማውም። ዶክተሯ አጨበጨበች። «ክፍሉ የእርስዎ ነው ጋሼ!»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ማን ያውቅበት ነበር? ዳይሬክተሩ ወሬ አመላላሽ አይደሉም። ጀሶዎቹን በአንድ ጆንያ ከትቶ ቢጥላቸው ምስጢሩ አብሮ ይጣላል። ጋሽ ጀሶ ይህን ሳምንቱን ሙሉ አስቦታል፤ ጆንያም አዘጋጅቶ ነበር። የዳይሬክተሩ ጥያቄ ግን አንጀቱ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለው።

«ዶክተር፣ ክፍሉን ከመስጠትሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ» አለና ሁሉንም ዘረገፈው። ሊቀ መንበሩን፣ ቢላውን፣ ዋስትናዋን፣ ኪሱን፣ ሻዩን። «ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ስቆርጥ ኖሬያለሁ። አሁን አስተምር ብትይኝ ምን አፍ አለኝ?»

ዶክተሯ ሰሐኑን ወደ ጎን ገፋች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ርዝመቷን። በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያየኋት። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ሠርተው የሚሰጡኝን ጥርስ ሁሉ ለሕመምተኛው ከማስረከቤ በፊት ከኋላ በኩል እሞርደዋለሁ። የዳይሬክተሩ ብቻ ነው ያመለጠኝ፤ የሌለሁ ጊዜ ነበር። እሳቸውም ለእርስዎ እንጂ ለእኔ አልነገሩኝም።»

ሁለት ዓመት እጄ በሰለ ሲል፣ የበሰለው የእሷ ሞረድ ኖሯል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባቴ ይሆናሉ፤ እንዴት ብዬ ልናገርዎት?» አለች አፍራ። «ደግሞም ምን እንደሚሉኝ አውቅ ነበር።»

ምን እንደሚላት እሱም አወቀ። ተቆጣ፤ ከዚያ በማን ላይ እንደተቆጣ ሲፈልግ ከራሱ ሌላ ሰው አጣ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ ከእሷ በፊት የተሠራላቸው ሰዎች ሁሉ ስልክ ተደውሎላቸው እንዲመጡ፣ እሱ ራሱ በእጁ እንዲያስተካክል። ዶክተሯ፣ ክፍሉንም ለዚሁ ይጠቀሙበት አለችው።

ካርድ የምታወጣዋ ሴትዮ ከአሮጌው መዝገብ እያየች ሁለት ሳምንት ደወለች። ገሚሱ ስልክ አይሠራም። አንዳንዱን ልጅ ያነሣና «አባታችን እኮ ካረፉ ቆዩ» ይላል። ያን ጊዜ ጋሽ ጀሶ በእጁ ምልክት ያሳያትና ዝም ብላ ትዘጋዋለች። ከመጡት አንዳንዶቹ ጥርሱን በላስቲክ ጠቅልለው ነው ያመጡት፤ ከዓመታት በፊት ትተውት ነበር። አንድ ጡንቸኛ አናጺ ግን ከኋላ በኩል ራሱ በእንጨት ሞረድ ሞርዶ ጨርሶታል። «ለዚች ነው የጠራኸኝ? እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የገባኝ» ብሎ ስቆበት ሄደ።

አዲሱ ክፍል ብሩህ ነው። ትልቅ መስታወት፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ሁለት ወንበር አለው። የጋሽ ጀሶ ልብስም ነጭ አቧራ የለበትም፤ ሰዎች ግን ጋሽ ጀሶ ማለታቸውን አልተዉም። አንድ ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ፣ አንዲት ቀጭን ባልቴት ገቡ። ልብስ ሰፊ የነበሩ ናቸው፤ ጥርሳቸውን የሠራላቸው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። መንጋጋቸውን ወዲያው አስታወሰ።

«እትዬ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?» አላቸው። ይህን መጠየቅ አሁን ተምሯል።

«አሁንማ አያመኝም ወንድሜ።»

ጥርሱን አውልቀው እንዲሰጡት ለመናቸው። ከኋላ በኩል ትርፏ እንዳለች ናት። አፋቸው ውስጥ በባትሪ ሲያይ ምላሳቸው ሥር ያለው ሥጋ ደንድኖ፣ ለትርፏ የሚሆን ጎድጓዳ ሠርቶላታል። ሞረዱን አነሣ።

«እባክዎ አይንኩብኝ» አሉ ሴትዮዋ ጥርሳቸውን ተቀብለው። «መጀመሪያ ሲያመኝ ሦስት ጊዜ መጥቼብዎት ነበር፤ ያስታውሱኝ እንደሆነ እንጃ። ይለመዳል አሉኝ። እውነትዎን ነው፣ ተለመደ። አራት ዓመት ፈጀ እንጂ።»

በሽሙጥ አልነበረም የተናገሩት። ጋሽ ጀሶ ሽሙጥ በሆነ ብሎ ተመኘ።

«እነዚያን አራት ዓመታት እንዴት አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ሳወራ ምራቄ ይሞላል፣ ሲሞላ መዋጥ አለ። ስለዚህ ወሬውን ተውኩት። ስፌት ቤት ስሠራ ሬዲዮ ነበር የሚሉኝ፤ እንዲያ ለፍላፊ ነበርኩ። ልጆቼ መጀመሪያ ምን ሆነሻል አሉኝ። ኋላ እርጅና ነው ብለው ተዉኝ። አሁን ሕመሙ ሲሄድ ላወራ ሞክሬ ነበር፤ ማዕድ ላይ አንድ ነገር ስጀምር እነሱ በላዬ ሌላ ይጀምራሉ። ክፋት አይደለም። ዝም ማለቴን ለምደውታል።»

ጋሽ ጀሶ ሞረዱን አስቀመጠ። በዕድሜው እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም፤ ይቅርታ ለማለት አፉን ከፈተና ቃሉ ለነገሩ እንደማይበቃ ታወቀው። ወንበሩን ጎትቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«እስቲ ለእኔ ያውሩኝ» አላቸው።

«ምን ላውራ?»

«ያኔ የተዉትን።»

ሴትዮዋ ጥርሳቸውን አደረጉ፣ ከየት እንደሚጀምሩ ትንሽ አሰቡ፣ ጀመሩም። ከእሳቸው በኋላ ቀጠሮ የነበራቸውን ሁለት ሰዎች የዚያን ቀን የተቀበለቻቸው ዶክተሯ ነበረች።